የተበላው ዳዶ

ኢንስፔክተር ንግሥት መርሳ ከሚገኘው የገበየሁ ጋራዥ ስትደርስ፣ የዋና መካኒኩ የጋሽ ኑርሁሴን አስከሬን ከአይሱዙው ሥር ወጥቶ ሸራ ለብሶ ነበር። ሾፌሩ አሚር በካቴና ታስሮ አጠገቡ ቆሟል።

«መኪናውን ያነሳው ክሪክ የእኔ ነው» አላት። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ክሪኩ ዘይት ያፈሳል ብዬዋለሁ» አለ ባለቤቱ ገበየሁ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ሽማግሌው የዛገ ዳዶ ካልፈታሁ ብሎ ሲታገል መኪናው ወረደበት።»

ንግሥት ነጭ ሸሚዙን አይታ ከንፈሯን በንቀት አጣመመች። ሃያ ዓመት ጋራዥ ይዞ ጥፍሩ ዘይት ያልነካ ሰው ስለ ሙያ ሊያስተምራት ነው።

መኪናውን በዚያው ክሪክ አስነሥታ፣ ታኮ አስደግፋ ከሥር ገባች። የዳዶው ማዕዘን በአንድ ወገን ብቻ ተበልቷል፤ ዝገቱ ግን ደረቅ ነው።

«ጋሽ ኑርሁሴን የዛገ እንዴት ነበር የሚፈቱት?» ስትል መካኒኩን ሞገስን ጠየቀችው።

«ናፍጣ አጠጥተውት ዙህር ሰግደው ይመለሳሉ። እምቢ ካለ በእሳት ያሞቁታል። ከልኩ ውጪ ቁልፍ አይነኩም።» ቁልፎቻቸው ግድግዳው ላይ በየልካቸው እንደተሰቀሉ ናቸው።

«የሚጠላቸው ነበር?»

ሞገስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውርጌሳ ከተማ የራሳቸውን ጋራዥ ሊከፍቱ ነበር። ደንበኛው ሁሉ ሊከተላቸው።»

ሦስቱንም ሰብስባ ከአሮጌ ሞተር ፊት አቆመቻቸው። ቁልፍ ሰጥታ «ይህን ዳዶ ፍቱልኝ» አለች። አሚር በታሰረ እጁ ወደ ግራ ገፋው። ሞገስም እንደዚሁ። ገበየሁ ግን ወደ ቀኝ አዙሮ አጠበቀው።

«ክሪኩ ይኸው፣ እስካሁን ጠብታ አላፈሰሰም» አለች ንግሥት። «ስለዚህ የለቀቀው ሰው ነው። የመኪናው ዳዶ ናፍጣ አልቀመሰም፤ ጋሽ ኑርሁሴንም ቁልፋቸውን ከግድግዳ አላወረዱም። ከሥር የገቡት ሊያዩ ብቻ ነው። ከሞቱ በኋላ ሲታገሉ ነበር ለማሰኘት አንድ ሰው ዳዶውን ከልኩ በሰፋ ቁልፍ በላው። የበላው ግን በሚያጠብቀው በኩል ነው። ሊፈታ ገብቶ የሚያጠብቅ መካኒክ የለም፤ መንገድ ላይ መኪናውን ራሱ የሚጠግን ሾፌርም አይሳሳትም። እዚህ ግቢ ውስጥ ዳዶ ወዴት እንደሚፈታ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።»

ገበየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረቀረ። «ያለ እሱ ጋራዥህ አይሠራም ይሉኛል» አለ።

«እውነታቸውን ነው» አለችው።

አሚር ካቴናው ሲወልቅለት ከሸራው አጠገብ ተንበረከከ። ከጠዋት ጀምሮ ገዳያቸው ነኝ ብሎ አምኖ ነበርና፣ አሁን ገና አለቀሰላቸው።