ለሁለት የታሰበ ቤት

የተዋወቁት ሆስፒታል ውስጥ፣ አሳንሰር ተበላሽቶ ነው። እሷ የራጅ ባለሙያ፣ እሱ ሊጠግን የመጣ ቴክኒሻን። ከውስጥ ሆና በሩን ስትደበድብ፣

«እህቴ፣ አይዞሽ! ከመጨነቅ መዝሙር ብትዘምሪ ይሻላል» አላት።

«ድምፄን ከሰማ አሳንሰሩ ጭራሽ ይወድቃል!»

ሳቁ በበሩ ስንጥቅ ገባ። ፍቅራቸው ከዚያ ጀመረ።

በአንድ ጉባኤ ያመልኩ ጀመር። ቀለበት አሰሩ፤ ፎቅ ላይ አነስተኛ ቤት ተከራዩ። ሠርጉ ሲቃረብ ግን እሱ የእንጀራ እናቱን አምጥቶ እዚያው ቤት አስገባቸው። በልጅነቱ ከቤት ያባረሩት ሴት ናቸው። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የወለዷቸው ልጆች ፊታቸውን አዙረውባቸዋል።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለችው።

«ጠላታችሁን ውደዱ የሚለውን አብረን አይደል የምናነበው?»

«ቃሉን አትደርድርብኝ! ለእሳቸው የዘረጋኸው እጅ እኔን ገፍቶ ነው ያለፈው። እንዲህ ከሆነ ሠርጉ ይቅር።»

ወለሉን አየ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መቀመጥም መቆምም አቃታት። ስትጸልይ ቃሉ አፏ ውስጥ ይደርቃል። ሰው ሁሉ በእሷ ወገን ነበር፤ እናቷ እንኳ «ገና ሳታገቢ አማት ተሸከሚ ብሎ ነገር!» ብለዋል። እሷን ግን ይህም አላሳረፋትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ሥራ ላይ እያለ፣ ቀለበቱን አስቀምጣ ልትመለስ ወደ ተከራዩት ቤት ሄደች። ደረጃው መሃል አሮጊቷን አገኘቻቸው። ፌስታል አንጠልጥለው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ይወርዳሉ።

«ማነው?»

አልመለሰችም።

«ማንም ብትሆን፣ በእናትህ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ምራኝ። ልጁ ሳይመጣ ልሂድ። ትናንት ሲያለቅስ ሰማሁት። ያኔ ከቤት አስወጣሁት፤ አሁን ደግሞ ከትዳሩ ላስወጣው?»

ብትመራቸው ማንም አያውቅም። ክንዳቸውን ያዘች። አንድ ደረጃ አወረደቻቸው። ለሁለተኛው እግሯ እምቢ አለ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። እጮኛው።»

ሊያስለቅቁ ታገሉ። «ተይኝ ልጄ፣ ልቀቂኝ!»

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ገና አልወድዎትም» አለች እያለቀሰች። «ግን በእኔ እጅ የትም አይሄዱም።»

እሱ ሲደርስ ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ፌስታሉን አየ፤ ዓይኗን አየ፤ ሁሉም ገባው። ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«በአንቺ ትከሻ ላይ ቆሜ ጻድቅ ልሆን ፈለግኩ። ይቅር በይኝ።»

«ንዴቴ ገና አልበረደም።»

«ተናደጂ። ብቻ አትሂጂ።»

አሮጊቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። እርቁን ቤት ገብታችሁ ብትጨርሱትስ?»

ተጋቡ። ቀላል አልነበረም፤ አሮጊቷ ምላሳቸው ስለት ነው፣ እሷም በር አላትማ የወጣችባቸው ቀናት አሉ። አንድ ጠዋት ግን ፀጉራቸውን እያበጠረች፣ «እማዬ፣ ቀና ይበሉ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። እሱ ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ቀረ።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ቀና አሉ።