ሁለት ሽቦ ወደ ራሃድ

ትራክተሩ ከመፋዛ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ሲጋራውን ለኮሰና «ኸላስ!» አለ። አለቀ ማለቱ ነው። ሰኔ 1977 ነበር፤ ኸሪፉ፣ ያ የሱዳን ክረምት፣ የዚያን ዓመት ቀኑን እንኳ አልጠበቀም።

ታምሬ ከተሳቢው ሳይወርድ ተቀምጦ ተራገመ። ምን ያድርግ! ሽቅብ በራሃድ ወንዝ ዳር ያለው የስደተኞች መጠለያ ኩፍኝ ገብቶበታል። የጤና ረዳቱ እንግዳው በእግረኛ የላከው ወረቀት «ሬዲዮኑ ደህና ነው፤ ወደ አንቴናው የሚወጣውን ገመድ ግን ምስጥ በላው» ይላል። መድኃኒት የጫነችው መኪና ሀዋታ ከተማ ቆማለች። ሹፌሯ ግን ኾሩ፣ ያ የክረምት ጅረት፣ በየት በኩል እንደሚያሻግር በዕለቱ በሬዲዮ ካልሰማ ንቅንቅ አይልም። አዲሱ ገመድ ከካርቱም ይመጣል ከተባለ ወር አለፈው። በወረቀቱ ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር ተጽፎበታል፦ «ያለምወርቅ ልጅህን ይዛ ገብታለች። ሸጊቱ ታማለች።»

ታምሬ ሚስቱን ያለምወርቅንና ልጁን ሸጊቱን መተማ ትቶ ገዳሪፍ ከገባ አምስት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ «ለመጪው መከር አመጣችኋለሁ» ሲል ሬዲዮ ይጠግናል።

ከካርቱም የሚመጣውን መጠበቅ ሲሰለቸው ገመዱን ራሱ ሠራው። ጎንደር ሳለ በትርፍ ጊዜው በገዛ ሬዲዮው ከዓለም ጋር የሚያወራ አንድ የሚሲዮን ፈረንጅ ያስተማረውን ነው የሠራው፦ ሁለት እኩል ራቁት የመዳብ ሽቦ፣ ጎን ለጎን እንደ መሰላል፣ በየክንዱ በሰም የተቀቀለ እንጨት በመካከላቸው። አንዱ የሚያፈሰውን ሌላው ስለሚያጣፋው ጉልበቱ መንገድ ላይ አይባክንም፤ አንቴናው ድረስ ይዘልቃል። ሁለቱ ከተነካኩ ግን ቀረ፣ ከንቱ ነው።

ይህንን ለመንገድ ጓደኛው ለባፈና አሥር ጊዜ ነግሮታል። ባፈና በዕድሜ ታላቁ ነው፤ ሃያ ዓመት የሰው ሰሊጥ ሲያጭድና ነዶ ሲያስር የኖረ የመተማ ሰው።

«ገባህ አያ ባፈና?»

«ገባኝ እንጂ! እኔን ምን አድርገህ ነው!»

አህያ ተከራይተው በእግር ቀጠሉ። ዋልካው እግር ይይዛል፣ ሲለቅ ጫማ ይዞ ይቀራል። ዝናቡ ፊት ለፊት እየጠበጠበ ሁለት ቀን አስኬዳቸው። በሦስተኛው ጠዋት ኾሩ ውስጥ ደረታቸው ድረስ ገብተው ሳለ ከቁጥቋጦው ሥር አዞ ተንሸራተተ። አህያዋ አናፋች፣ ተፈናጠረች፣ ጭነቷን ጣለች። ታምሬ ጠልቆ ሽቦውን በጥርሱም በእጁም ይዞ ወጣ። እንጨቶቹ ግን ገሚሱ ተሰባብሮ ገሚሱ በውኃ ሄደ።

«ልረፍና ሌላ እንቆርጣለን» ብሎ ዛፍ ሥር ተዘረረ። ሲነቃ ባፈና እያፏጨ አህያዋን ጭኖ ጨርሷል። ጭነቱን የጠፈረው በምን ይመስላችኋል? በሽቦው! ሁለቱን አንድ ላይ ገምዶ፣ ጠምዝዞ፣ ጭቃ የለበሰ ጠፍር አድርጎታል።

«አያ ባፈና! ምን አደረግህብኝ?»

«ተልፈስፍሶ አየሁትና ገመድኩት። ገመድ ሲገመድ ነው የሚጠና። ይኸው እንደ ብረት ሆነልህ!»

ታምሬ ራሱን ይዞ ቁጢጥ አለ። ታላቁን አይሳደብ፣ አይመታ። «የኔ ጌታ፣ ምን በደልኩህ?» ብሎ ወደ ሰማይ ጮኸ።

ጩኸቱን ሰው ሰማው። ሦስት መሣሪያ የታጠቁ ሽፍቶች ከሣሩ ውስጥ ብቅ አሉ።

«መዳብ የያዘው አንተ ነህ? መፋዛ ሱቅ ውስጥ ሲወራ ሰምተናል። የታል?»

«ኾሩ በላው» አለ ባፈና፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ኪሳቸውን በረበሩ። ዱቄቱን ወሰዱ፣ ብርድ ልብሱን ወሰዱ፣ አህያዋንም መሩ።

«ኧረ ጠፍሬን እንኳ ተዉልኝ! የድሃ ገመድ ምን ይረባችኋል?» ብሎ ባፈና ተከተላቸው። አንደኛው ጭቃማውን ጠፍር ፈትቶ ፊቱ ላይ ወረወረለትና ሄዱ።

ባፈና ዞሮ ታምሬን አየው። ታምሬ ተነሥቶ ከፊቱ ላይ ጭቃውን ጠረገለት።

ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው መጠለያው ሲደርሱ ነግቶ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ገዳሪፍ ያለው የሬዲዮ ሰው ጥሪ የሚያዳምጠው በአራት ሰዓት፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የጤና ረዳቱ እንግዳው እየሮጠ መጣ። «ዘጠና ሦስት ሕፃን ተኝቷል። ኾሩ የሚያሻግረው በላይኛው መሻገሪያ ነው፤ እሱም ከነገ አያልፍም!»

ያለምወርቅ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ሸጊቱ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ ኩፍኝ ወጥቶበት ዓይኗ ተጨፍኗል። ታምሬ ግንባሯን ዳሰሰ፣ እጁ ተቃጠለ። ተመልሶ ወጣና ሽቦውን መፍታት ጀመረ።

«ባምስት ዓመትህ መጥተህ ሽቦ ታቀናለህ?» አለች ሚስቱ። «እሷ እየሞተች ሽቦ?»

ታምሬ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ፈታ።

ሽቦው ተፈታ፤ በመካከሉ የሚገባ ግን የለም። በአካባቢው ያለው እንጨት ሁሉ ርሷል፤ የራሰ እንጨት ደግሞ ጉልበቱን ያባክናል። ባፈና ቁጭ አለ። በሰሊጥ አጨዳ ገንዘብ የገዛውን አዲስ ኮንጎ ጫማውን አወለቀና ላስቲኩን በቢላዋ እያሰመረ ቆራረጠው። ቀጥሎ «ያንተንም አምጣ» አለ።

ሠርተው ሰቀሉት። አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አንዲት ሴት የራሰ ነጠላዋን አመጣችና ሽቦው ላይ ዘርጋ አደረገችው።

«እመቤቴ!» ብሎ ታምሬ ዘለለ። «አይሰጣበትም! አይሰጣበትም!»

«ታዲያ ለምን ወጠርከው?» አለች ሴቲቱ ተቆጥታ።

ነጠላውን ገፎ ወደ ሬዲዮኑ ሮጠ። ሦስት ጊዜ ጠራ። መልስ የለም። በአራተኛው የገዳሪፉ ሰው ድምፅ ወጣ፦

«በደንብ እንሰማሃለን። ቀጥል።»

«ዘጠና ሦስት ታማሚ። ኾሩ በላይኛው መሻገሪያ እስከ ነገ ያሻግራል። እስከ ነገ ብቻ! ለሀዋታ አሁኑኑ ንገሩልኝ!»

መኪናዋ በማግሥቱ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እስከ ሞተሯ ጭቃ ለብሳ ገባች። የጤና ባለሙያዎችን ከነመድኃኒቱ አወረደች። ሹፌሩ ኾሩ ሳይሞላ ለመመለስ ተቻኩሏል።

«ሬዲዮ ሠሪ! ተሳፈር፣ ገዳሪፍ ትፈለጋለህ!»

«አልሄድም» አለ ታምሬ።

ያለምወርቅ የሸጊቱን ከንፈር በውኃ እያራሰች ነበር። ዞራ አላየችውም።

«እንድትቀር ማን ለመነህ?» አለች።

መኪናዋ ሄደች። ድምፅዋም ራቀ። ከዚያ ያለምወርቅ የውኃውን ጽዋ ሰጠችውና ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችለት።