ራምጂ እጁን ወደ ሰማይ ሲያነሳ

«ለአውሮፕላኑ ምልክት ሲሰጥ አይቼዋለሁ! በማላውቀው ቋንቋ ሲያነጋግረውም በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» አለች አመተ ሥላሴ፣ ወደ ራምጂ እየጠቆመች።

ዘሪቱ ጓደኛዋን አፍጥጣ አየቻት። ውሸት ነው። አውሮፕላኑ የመጣ ጧት ሁለቱም ወንዝ ወርደው ነበር። ቦምቡ ከገደላቸው አንዱ የአመተ ሥላሴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሞተ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።

ራምጂ ህንዳዊ ነው፤ ልብስ ሰፊ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ሱቁን ዘግቶ፣ የስፌት መኪናውን በበቅሎ ጭኖ ከሮብ ገበያ በላይ ወዳለው መንደራቸው ሸሸ። የዘሪቱ አባት መሪጌታ አካለ ወልድ አስጠጉት። ከዚያ ወዲህ ለአርበኞች ሱሪና እጀ ጠባብ ይሰፋል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ደጅ ወጥቶ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ መሬት እስኪነካ ይጎነበሳል፣ በአንድ እግሩ እንደ ሽመላ ይቆማል። አንዱ «ፀሐይ ያመልካል» ይላል፤ ሌላው «ድግምት ነው»፤ ሌላው ደግሞ «አጥንት የለውም»።

ዘሪቱ ግን አንድ ቀን ጠይቃው ነበር።

«ዮጋ ይባላል» አላት። «ጸሎቴ ሌላ ነው። ይሄ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ ለምሰፋበት ወገቤ ነው።»

«አጥንት የለዎትም ይላሉ።»

ራምጂ ከት ብሎ ሳቀ። «ስጀምር እጄ ከጉልበቴ አያልፍም ነበር! በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው።»

እንስራ ጀርባዋን ያደከማት ዘሪቱም ከጎተራው ኋላ ተደብቃ ጀመረችው። የመሪጌታ ልጅ ይህን ታደርጋለች ቢባል ጉድ ነው።

አሁን ራምጂ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። የአርበኞቹ አለቃ ግራዝማች ባዘዘው ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አባቷ ለተዝካር ወደ አማኑኤል ሄደዋል። የሚናገርለት ሰው የለም።

«የሰላይ ፍርዱ አንድ ነው» አሉ ግራዝማች።

ዘሪቱ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ መሐል ገባች።

«እኔም አደርገዋለሁ።»

«ምኑን?»

«እሳቸው የሚያደርጉትን። እሳቸው ሰላይ ከሆኑ እኔም ሰላይ ነኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፣ አየር ሳበችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ሁለት ሴቶች ደንግጠው ሽቅብ አንጋጠጡ። ሰማዩ ጭር ብሏል። ዘሪቱ ቀስ እያለች ጎንበስ አለች፤ ጣቶቿ ሣሩን ነኩ።

«ይኸው ነው። ትንፋሼን እያስወጣሁ መውረድ ብቻ።»

ግራዝማች ጎንበስ ብለው ጣቶቿን አዩ። በመጨረሻ ወደ ራምጂ ዞሩ። «ዋሻ ለዋሻ ስተኛ ወገቤ ደርቋል። ለእኔ ቢጤ ሽማግሌስ ይሆናል?»

«ቀስ ብለው ከጀመሩ ይሆናል፣ ጌታዬ። ቁስል ካለብዎ ግን ይቅርብዎ። መድኃኒት አይደለም።»

«አታላይ ቢሆን ኖሮ ነፍሱን ለማትረፍ ሁሉን አድናለሁ ይለኝ ነበር» አሉ ግራዝማች። «ፍቱት!» ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ጓደኛሽስ? በጆሮዬ ሰማሁ ብላ በሰው ነፍስ መፍረዷ ነው?»

አመተ ሥላሴ በሐዘን የተነጨ ፊቷን ደፋች። ዘሪቱ «ዋሽታለች» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ወንድሟን ቀብራ ነው፣ ግራዝማች» አለች። «ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።»

ግራዝማች አመተ ሥላሴን ትክ ብለው አዩአት፤ ጠመንጃቸውን አንግተው ተነሱ። ሰዉም ተበተነ። ራምጂ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ለዘሪቱ እጅ ነሳ። መንገዱን አብራው መሄድ፣ መሳቅም አምሯት ነበር።

አመተ ሥላሴ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ቤት ቂጣ አለ» አለቻት ዘሪቱ። «ነይ፣ አብረን እንብላ።»

አመተ ሥላሴ ፊቷን አዞረች። ዘሪቱ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ጠበቀቻት።