የሐምዛ ጉርሻ

“በእጅሽ? በዚህ በሽታ ዘመን በእጅሽ አጎረስሽው?”

“ቀስ በይ... ልጁ ይሰማሻል።”

“ይስማኛ! በአንቺ ጦስ ከዚህ ኩሽና ሊያባርሩኝ ነው እንዴ?”

“ጥርስ ሳያወጣ ጀምሮ ያጎረስኩት ልጅ ነው፣ የሺ። ዛሬ ምን ተገኘ?”

“ዛሬማ ኮሮና ተገኘ! ሂጂ ታጠቢ። ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እጅሽን እንዲህ የምታሸቺው?”

እውነቷን ነው። እጄን እያሸተትኩ ነበር...

ይህ የሆነው በዲሴምበር 2021፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አል ዓይን ውስጥ ጀበል ሀፊት ተራራ ሥር ነው። ፀሐይ ነበር። ሰው ነበር። ሕልም አይታ ነው የምትሉ ካላችሁ... ቆሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጄ ላይ ሩዝ ይዤ ነው ያየሁት።

ፋጡሜ እባላለሁ። አቡ ዳቢ ውስጥ ሰው ቤት ልጅ አሳድጋለሁ። ያን ጊዜ ሐምዛ ሰባት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ የክፍሉን ልጆች ለሦስት ቀን ካምፕ ወሰዳቸው፤ ድንጋይ መውጣት፣ ድንኳን መትከል፣ እንዲህ ያለ ነገር። አስም ስላለበት ማዳም “ፋጡማ አብራው ካልሄደች አይሄድም” አለች። እኔም ለኮሮና አፍንጫዬን ተመርምሬ ሄድኩ። የሺሐረግ የካምፑ ኩሽና ሠራተኛ ናት። የተዋወቅነው እዚያው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ወደ ተራራው ይዘዋቸው ወጡ።

እንዳይጠጋጉ ረጅም ገመድ ተዘጋጅቶላቸዋል። ገመዱ በየሁለት ሜትሩ ቋጠሮ አለው፤ ሁሉም ልጅ የየራሱን ቋጠሮ ይዞ ይሄዳል። የመጨረሻውን ቋጠሮ የያዘው ሐምዛ ነበር።

አንድ ትንሽ ዋሻ ውስጥ ገቡ። እኔ ውጭ ጠበቅኩ።

ገመዱ ተመልሶ ወጣ... አንድ ልጅ፣ ሁለት ልጅ... በመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ሐምዛ።

ከዚያ በኋላ ማስኩን አላወለቀም።

ምግብ በታሸገ ዕቃ ይሰጣቸዋል፤ ሁሉም ራቅ ራቅ ብሎ ምንጣፉ ላይ ይበላል። የሐምዛ ዕቃ ባዶውን ይመለሳል። መምህርቷም ወረቀቷ ላይ “በልቷል” ብላ ትጽፋለች። ግን ሲበላ አላየሁም። ማንም አላየም።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ከኩሽናው ጀርባ ጠራሁት።

“ና የኔ ጌታ። ማስክህን ዝቅ አድርግ።”

አደረገ። ሩዝና ዶሮ ጠቅልዬ አጎረስኩት።

ሐምዛ ሳጎርሰው ጣቴን ነከስ አድርጎ ይስቅ ነበር። ያን ቀን አልነከሰም። አፉን ከፍቶ ብቻ ቆመ።

አፉ ውስጥ ምራቅ የለም። ደረቅ ነው... ቀዝቃዛ ነው። ከውስጡ የሚወጣው ሽታ ውሃ ውስጥ ከርሞ የበሰበሰ ጨርቅ ይመስላል።

ጣቴ የላይኛውን የፊት ጥርሱን ነካ።

ያ ጥርስ ደግሞ ከአምስት ቀን በፊት ወልቋል። በገዛ እጄ ነው የነቀልኩት።

እጄን ሳብኩ። እሱ አላኘከም፣ አልዋጠም። ጉርሻው ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

“አንድ ያጣላል” አለኝ በአማርኛ።

ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ መድገም ነው ብዬ ስንት ቀን አታልዬ አብልቼዋለሁ። እንግዲህ እሱ ነው አልኩ... ሌላ ማን ያውቃል?

ደገምኩለት።

በዚህኛው ምላሱ ወጣ። እንደ ጥጃ ምላስ ሻካራ ነው። በጣቶቼ መካከል እየገባ ላሰኝ፤ ከጥፍሬ ሥር ያለውን ሳይቀር ላሰው።

የሺ የደረሰችው ያኔ ነው። እሱ ማስኩን መልሶ ሄደ።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ከዚያ ነገርኳት።

“የሺ... ጥርሱ በቅሏል።”

“ይብቀላ! ልጅ አይደል?”

“በአምስት ቀን?”

“ሐኪም ነኝ እንዴ እኔ?” ብላ ድስቷን መፈግፈግ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ግን ብቻዋን ወደ ድንኳኖቹ አልሄደችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሐምዛን የመኝታ ከረጢት ልጠቀልል ድንኳኑ ገባሁ። እግሩ የሚያርፍበት ጋ አበጥ ብሏል። እጄን ሰደድኩ።

እርጥብ ነገር ነካሁ።

ጎትቼ አወጣሁት... ጉርሻ ነው። ተጠቅልሎ የተድቦለቦለ ሩዝ። ሌላ አወጣሁ። የሁለት ቀን ምግብ፣ ዓሣው፣ ቴምሩ፣ እንቁላሉ፣ ሁሉም የእኔን የእጅ ልክ ይዞ ተድቦልቡሎ ተደርድሯል። መካከላቸው ላይ ልጆች የጣሉት ማስክ ታኝኮ ገብቷል። ፀጉርም አለበት።

ሁሉም ሞቃት ነው። አሁን ከአፍ የወጣ ይመስል...

ከረጢቱን ጎትቼ ወደ ድንኳኑ ደጃፍ አወጣሁት።

መምህርቷን ጠራኋት። ከሩቅ ቆማ መለኪያዋን ዘርግታ የሐምዛን ሙቀት በግንባሩ ለካች። “ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ደህና ነው” አለች።

“አፉን እዪው፣ ሚስ... በአላህ አፉን እዪው።”

“የልጆችን ማስክ ማስወለቅ አልችልም። ምግቡን ግን ልጆች ይደብቃሉ፤ የተለመደ ነው።”

ለማዳም በቪዲዮ ደወልኩ። ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩ። እሱ ራሱ ማስኩን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለላት።

“ማሻአላህ!” አለች ማዳም እየሳቀች። “ጥርሱ ወጣ! ፋጡማ፣ አየሽ? ጥርሱ ወጣ!”

እናቱ እንዲህ ካለች እኔ ማን ነኝ?

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አውቶቡስ መጣ። እሱ ከአጠገቤ ተቀመጠ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል። መምህርቷ ከፊት ጀምራ ልጆቹን ቆጠረች።

ሐምዛ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ጉርሻ ይዟል። ይንጠባጠባል።

“አፍሽን ክፈቺ፣ ፋጡሜ።”

“አልራበኝም...”

“እኔ በልቼልሻለሁ” አለ።

ከፊት ያሉት ልጆች ዞረው ሳቁ። መምህርቷም መቁጠሯን ሳታቋርጥ እያየችን ነው። እኛ አገር የሚያጎርስ ሰው እጅ አይመለስም። ከዚያ በላይ ደግሞ... እሱ ከሆነስ? ጥርስ ሳያወጣ ጀምሮ ያሳደግኩት ልጅ ከሆነ፣ እጁን መልሼ እንዴት እኖራለሁ?

ማስኬን ዝቅ አድርጌ አፌን ከፈትኩ።

ሞቃት ነው። ያ የበሰበሰ ጨርቅ ሽታ በአፍንጫዬ ወጣ። ጥርሴ መካከል ፀጉር ተጠመጠመ። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ተራራው ላይ፣ ከዋሻው አፍ በታች፣ አንድ ልጅ ቆሟል።

የትምህርት ቤቱን ሰማያዊ ቲሸርት ለብሷል። ማስክ የለውም። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ያወዛውዛል፤ አፉም ይከፈታል ይዘጋል። ድምፁ ግን አይደርስም...

“ሃያ ሁለት” አለች መምህርቷ። “ሙሉ ናቸው። ያላ!”

ልጮኽ ነበር። አፌ ሙሉ ነው።

ትንሽ እጅ ከንፈሬ ላይ አረፈ።

“ዋጪ” አለኝ ቀስ ብሎ።

ዋጥኩ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልጆቹ መዝፈን ጀመሩ። ተራራው ላይ ያለው ልጅ እጁን አወረደ። ጥቂት ቆሞ ተመለከተን... ከዚያ ዞረና በድንጋዮቹ መካከል በባዶ እግሩ ወደ ላይ ሄደ።