ወንበሩ ላይ የተውኩት ኮት

ይህ ነገር ሆኗል። «ፈጠራ ነው» የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ ተዉት፤ ከእናንተ ጋር የምከራከርበት ጉልበት የለኝም።

ረቡዕ። ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል። ሦስተኛ ፎቅ፣ የቤቴ በር ላይ።

የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ሰው አይቆጥርም፤ ኮት ይቆጥራል። ሹልክ ማለት የፈለገ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። «አለ፣ አሁን ይመጣል» ይባልለታል።

እኔ በዚህ ዘዴ አለቃዬን አታልዬ አላውቅም።

ያታለልኩት የአምስት ዓመት ልጄን ነው።

ሁልጊዜ ማልጄ ስወጣ አሮጌ ኮቴን ሳሎን ወንበር ላይ እተዋለሁ። ስትነቃ «አባዬ አለ» ብላ እንዳታለቅስ።

የዚያን ረቡዕ ግን ባለቤቴ ሥራ ስለነበራት፣ ከልጅቷ ጋር እኔ ልውል ቃል ገብቼ ነበር። ባለቤቴ ገላዋን ስትታጠብ ከቢሮ ተደወለልኝ። ወጣሁ። ስታጣኝ ከሥራዋ ትቀራለች፤ የእኔ ሥራ ይበልጣል ብዬ... አዎ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት! ኮቱንም በልማድ ትቼው ሄድኩ።

ስመለስ ቁልፌ ዞረ። በሩ ግን አልተከፈተም።

የላይኛው መወርወሪያ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ልጄ ወንበር ላይ ብትቆም እንኳ አትደርስበትም።

አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔ እናት፣ አባዬ።»



ከዚያ ሹክሹክታ። ለእኔ አልነበረም።

«አባዬ ነኝ ይላል...»

ሳቀች። «አልከፍትም! አባዬ አትክፈቺ ብሎኛል።»

ደሜ ፈላ። «የምን አባዬ? ክፈቺ ብያለሁ!»

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ባለቤቴ ናት። የሥራ ቦርሳዋን እንደያዘች ደረጃው ላይ ደርቃ ቀረች።

«አንተ... ልጅቷን ለማን ትተህ ወጣህ?»

«ለአንቺ ነዋ!»

«እኔ እኮ ጠዋት ነው የወጣሁት።» ወደ በሩ አየች። «ኮትህን አየሁ። "ሄድኩ" ስልህ ከሳሎን "ሂጂ፣ እኔ አለሁ" አልከኝ። ዛሬ እንኳን ቃልህን ጠበቅህ ብዬ... ደስ ብሎኝ ዋልኩ።»

እኔ አላልኩም።

ተንበርክኬ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አየሁ።

የልጄ ባዶ እግሮች ይታያሉ። «አንድ... ሁለት...» እያለች ትራመዳለች፤ አባቱ እግር ላይ ቆሞ እንደሚራመድ ልጅ፣ ቀስ ብላ።

እግሮቿ ወለሉን አልነኩም።