ከታች ሆኖ ዘንባባውን የያዘው

ይሄ የምነግራችሁ ነገር በእውነት የሆነ ነው። ማመን የማትፈልጉ እለፉት፣ አልለምናችሁም።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው የምትሉ ሰዎች... እናንተንማ በጣም ነው የምታዘባችሁ።

ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ የወንዝ ዳር ነው። ድሮ ጥቅጥቅ ያለ ዘንባባ ነበረበት። የአካባቢው ሰዎች ለጣሪያም፣ ለማገዶም፣ ለምኑም ለምኑም እየቆረጡ ጨረሱት። ወንዙ ዳር ዳሩን እየበላ አጥራቸው ሥር ሲደርስ ጊዜ "በጎ ፈቃደኞች ነን፣ እንተክላለን" ብለው ተነሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። የሄድኩት የዘንባባ ችግኝ ላደርስ ነው። በጎ ፈቃድ የሚባል በሽታ የለብኝም።

በሽታው ያለባት ታናሽ እህቴ ናት። ፀጉር ሰሪ ናት። መኪናዬ ተበላሽቶ በቆመ ቁጥር ቤታችን የሚያድረው በእሷ እጅ ነው። ያንን እጅ ይዛ አፈር ልትምስ መጣች። ተናድጃለሁ።

ሰዎቹን ብታዩዋቸው! አዲስ ቲሸርት፣ አዲስ ጓንት፣ ጭቃ የማያውቅ ጫማ። የማኅበሩን ሊቀመንበር "ማይክ" ነው የምንለው፤ ማይክሮፎን ከያዘ አይለቅማ። ሲናገር አረፈደ። ከዚያ አንዱን ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ፎቶ ተነሳና እጁን አራገፈ። ሁሉም ምሳ ብለው ወደ ድንኳኑ ነጎዱ።

ጉድጓዱ ዳር እኔና እህቴ ቀረን።

"አንቺስ፣ ምሳ አትበዪም?"

"ይሄን ጥለውት ሄዱ እኮ። በናትህ ወንድምዬ፣ አፈሩን መልስልኝ።"

ሥራው ቀላል ነው። አንዱ ችግኙን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው አፈር ይመልሳል። አፈሩ ሞልቶ እስኪረገጥ ድረስ የያዘው ሰው አይለቅም። ከለቀቀ ችግኙ ይጋደማል።

አካፋ አነሳሁ። መለስኩ... መለስኩ...

ጉድጓዱ አልሞላም።

እነሱ የቆፈሩት ጉድጓድ መቼ ልክ ሊኖረው ብዬ ነገሩን ናቅኩት። ቀና ስል ዘንባባው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ጎሽ! መያዝ እንዲህ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በሹክሹክታ...

"እኔ አልያዝኩትም።"

እጆቿን አየሁ። ሁለቱም ጉልበቷ ላይ ናቸው።

"መቼ ለቀቅሽው?"

"ቅድም።"

ነፋስ የለም። ቅጠሎቹ ግን ይንቀጠቀጣሉ።

ብልህ ሰው እዚህ ጋ ይሮጣል። እኔ ሳቅኩ።

"ማይክ ከነችግኝ ላስቲኩ ተክሎት ነው። ላስቲኩ ነው ያቆመው። ያ ደንቆሮ!"

"ከነላስቲኩ ከሆነማ ይሞታል" አለችና ጓንቷን አውልቃ እጇን ወደ ታች ሰደደችው። እስከ ክርኗ ገባ።

"አገኘሽው?"

"ላስቲክ የለም..."

"እና?"

ፊቷ አመድ መሰለ።

"ጨበጠኝ።"

"ምን?"

"ቀስ በል... እጄን ጨብጦኛል።"

"ሥር ነው ባክሽ።"

"ሥር ይሞቃል እንዴ?"

ክው አልኩ።

ወገቧን አቅፌ ሳብኩ። ከታችም ተሳበች። ደግሜ ሳብኩ። ትከሻዋ አፈሩን ነካ። ከዚያ ጉንጯ...

"እጄን... ወንድምዬ እጄን..."

ወደ ድንኳኑ ጮኽኩ። "ድረሱልን!"

ማይክ ዞር ብሎ አየን። አውራ ጣቱን ቀሰረልንና ፎቶ አንሺውን ጠራ። "ትጋት ማለት ይሄ ነው!" አለ በማይክሮፎኑ። ሁሉም አጨበጨቡ። እህቴ በቁሟ እየተቀበረች እነሱ ያጨበጭባሉ! እስክሞት አልረሳላቸውም።

እኔ አላዳንኳትም። ያ ነገር ራሱ ድንገት መሳቡን ተወ። ሁለታችንም በጀርባችን ወደቅን። መኪና ውስጥ ወርውሬያት ነዳሁ።

እጇ ግን አልተዘረጋም። የሰው እጅ እንደጨበጠ ግትር ብሎ ቀረ።

ሐኪሙ "የጅማት መኮማተር ነው፣ ለብ ባለ ውሃ ንከሩት" አለን። ዲግሪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱን አውርዶ ይንከረው!

ይኸው ከዚያ ወዲህ መቀስ ይዛ አታውቅም። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሌላ ቤት ለመዱ። ማታ ማታ "ይሻለኝ ይሆን?" ትለኛለች። "ይሻልሻል" እላለሁ። እፈራለሁ፣ ግን እላለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። የመስኮቱ ብርሃን እጇ ላይ አርፏል። ቀረብ ብዬ አየሁት።

የእጇ ጀርባ ላይ አራት ቦታ ቆዳው ጎድጉዷል። የጣት ጫፍ ያህል፣ ጎን ለጎን። ሰው ተጭኖ እንደያዘው።

ማንም አልያዘውም።

ጎንበስ አልኩ...

አራቱም ቀስ ብለው ሞሉ። ቆዳዋ ደህና ሆነ። "ተመስገን" ልል አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ... ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የእጇ አንጓ ላይ... አንድ በአንድ እንደገና ሰመጡ።