ሰማያዊዋ መኪና በር ላይ ስትቆም

ሮተም የፈላውን ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ ይዛ ደረጃውን ስትወርድ፣ አባቷ ሰጠው የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይጠብቃት ነበር። ባትሪውን ቀድሞ አስሮታል። በዚህ ክረምት ባትሪው የሚያድረው እቤት ውስጥ፣ ማሞቂያው አጠገብ ነው፤ ውጭ ካደረ ጠዋት ጉልበት አይኖረውም።

«ቀስ እያልሽ» አላት።

ውሃውን ራዲያተሩ ውስጥ ስታንቆረቁር እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ከፒጃማዋ በላይ የአባቷን የፋብሪካ ጃኬት ደርባለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። እንፋሎቱ ሲገለጥ ከመንገዱ ማዶ አቪኤልን አየችው። ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ስልኩን ወደ እሷ ደግኗል።

«ምንድን ነው የምትቀርጸው?»

«ስታም» አለ በዕብራይስጥ፤ እንዲሁ ነው ማለቱ ነው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጠ።

መኪናዋ ሰማያዊ ቀለሟ በየቦታው የተላጠ፣ ከሮተም አባት በዕድሜ ብዙም የማታንስ የናፍጣ ጭነት መኪና ናት። በቂርያት ጋት ከተማ ከሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ወንበሮቹንና ትልልቆቹን ድስቶች ለቅሶው ቤት ታደርሳለች። ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ ሲሄዱም የሚሳፈሩት በእሷ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ቤተሰቡ ወደ ሥራ ሳይበተን፣ ሽማግሌዎች በር አንኳኩተው ነው የሚናገሩት። በዚህ የተነሳ በሰፈሩ አማርኛ የሚነገርበት ቤት ሁሉ የመኪናዋን ድምፅ ያውቀዋል። ስታልፍ ማንም አይደነግጥም። በር ላይ ስትቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ሰጠው በዚህ አይቀልድም፤ ጎማ እንኳ ቢተነፍስበት ባዶ ቦታ እስኪያገኝ እየጎተተ ይነዳታል እንጂ በሰው ደጅ አያቆማትም።

ብርድ አትወድም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከቁልቁለቱ አናት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያሳድራታል፤ ሞተሩ እምቢ ሲል ፍሬኑን ለቅቆ፣ እየተንከባለለች በማርሽ ያስነሳታል። አጠፋፏም ለብቻው ነው። ቁልፍ አያጠፋትም። ከመሪው በስተቀኝ የሚሳብ ሽቦ አለ፤ እጀታው ስለተሰበረ ሰጠው የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ አስሮበታል። እንጨቱን ሲስቡት ናፍጣው ይዘጋና ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሮተም ክፍል ስትገባ ቪዲዮው ቀድሟታል። የአቪኤል ጓደኛ ቶም የዋይታ ድምፅ ጨምሮበት ለክፍሉ ዋትስአፕ ልኮታል። ከሥሩ «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ብሎ ጽፏል። በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩን ስታቋርጥ ልጆቹ ደረታቸውን እየደቁ አሳለፏት፤ አንዱ አፍንጫውን ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«መርዶ መጣች» አለ ቶም። ቶም አማርኛ አያውቅም። ቃሉን ያስተማረው አቪኤል ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል አቪኤል ማንቆርቆሪያውን አብሯት ይሸከም ነበር። ሰጠው ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ የመኪናዋን ጥሩምባ ያስነፋው ነበር። ሮተም ይህን እያሰበች የውሃ ቧንቧው ጋ ሄዳ አገኘችው፤ ቪዲዮውን እንዲያጠፋው ጠየቀችው።

«ምን ታካብጂያለሽ። ትንሽ ሳቂ እንጂ።»

«አባቴም አለበት እኮ።»

«አባትሽማ ኮከብ ነው።» ዙሪያውን ቃኘ። ልጆቹ እየሰሙ መሆናቸውን ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ብቻ እኛ በር ላይ እንዳትቆሙ፣ እሺ መርዶ?»

ሁሉም ሳቁ። ሮተምም ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ኋላ ብቻዋን ስትሆን ልትረዳው አልቻለችም። ፊቷ ግን እስከ ማታ ሲያቃጥላት ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ቀሰቀሳት። በከተማው አዲስ ሰፈር፣ በካርሜ ጋት፣ አንድ አዛውንት አርፈዋል፤ ድንኳኑ ከቀብሩ በፊት መድረስ አለበት፣ ወንበር የሚያወርድ ሰውም ያስፈልጋል። ከትምህርት ቤት በፊት እንደሚመልሳት ነገራት። ውጭ ሲወጡ የመኪናዋ መስታወት ላይ በቂርያት ጋት እምብዛም የማይታይ አመዳይ ተጋግሮ ነበር። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አባባ ጥሩነህ ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ደረሱ። እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ ሮተም መሐል ተቀመጡ። የመጥረጊያው እንጨት ጉልበቷን ይነካት ነበር።

ሞተሩ በቁልፍ አልነሳ አለ። ሰጠው ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ቁልቁል መንከባለል ጀመረች፣ ማርሹ ሲገባ ተንገጫገጨች፣ አስላትና ነፍስ ዘራች። አባባ ጥሩነህ «ተመስገን» አሉ።

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ሕንፃ የእነአቪኤል ነው። አቪኤል የሚኖረው ከአያቱ ከእማማ ይመኙሻልና ከታላቅ ወንድሙ ከሊዶር ጋር ነው። ሊዶር ሚሉኢም፣ ተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርቶ ከሄደ ሰንብቷል፤ ያለበት ቦታ ስልክ ስለማይፈቀድ ድምፁ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። ሮተም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና መኪናዋ እነአቪኤል በር ላይ ስትቆም ስታስበው ግን እማማ ይመኙሻል አልነበሩበትም። የነበረው አቪኤል ብቻ ነው፤ በመስኮት ያያል፣ ፊቱ ይለወጣል፣ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ይጨነቃል፣ ከዚያ መኪናዋ ትሄዳለች።

አባቷ መንገዱን እያየ ነበር። ሮተም እንጨቱን ይዛ ሳበችው።

ሞተሩ ዝም አለ። መኪናዋ ጥቂት ተንሸራትታ በሩ ፊት ለፊት ቆመች።

«እዚህ አይሆንም» አለ ሰጠው፤ የሚያናግረው መኪናዋን ነበር። ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ባትሪው እያቃሰተ ደከመ፤ ሜዳ ላይ ደግሞ አትንከባለልም።

የሦስተኛው ፎቅ መዝጊያ ተከፈተ። እማማ ይመኙሻል ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ ታች አዩ። ሰማያዊዋን መኪና አዩ። ድንኳኑን አዩ። ነጭ ጋቢ የለበሱትን አባባ ጥሩነህን አዩ። ከዚያ ሮተም ከሰው ጉሮሮ ሰምታው የማታውቀው ጩኸት መጣ።

ሰጠው ዘሎ ወረደ። «እማማ፣ ደህና ነው፤ ምንም የለም። ሞተሩ ነው የጠፋብን። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ሮተም ያላሰበችው ይኼን ነበር። መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌዎችም የሚጀምሩት እንዲሁ ነው። ደህና ነው፣ ምንም የለም፣ እስቲ አረፍ በይ ይላሉ፤ ሰውየው ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚያረዱት። እማማ ይመኙሻል ራሳቸው ለስንቱ እንዲህ ብለዋል። ሰጠው ደህና ነው ባለ ቁጥር የሊዶር ሞት እርግጥ እየሆነባቸው ሄደ። በባዶ እግራቸው ደረጃውን ወረዱ። አባባ ጥሩነህ እጃቸውን ዘርግተው ምንም እንደሌለ በእግዚአብሔር ስም ማሉላቸው።

«ጥሩነህ፣ እኔንም እንዲህ ታባብለኛለህ?» አሉ እማማ ይመኙሻል። «ሊያረዱኝ የመጡትን ወታደሮች የት ደበቅሃቸው?»

የደጁ እርጥብ ደረጃ አዳለጣቸው። ክንዳቸው ከሥራቸው ተጣጥፎ ሲሰበር ሮተም ጋቢና ውስጥ ሆና ሰማችው። እሳቸው ግን የተሰማቸው አይመስሉም ነበር። በደህናው እጃቸው ሻሻቸውን ቀደው መሬቱን ይመቱ ነበር።

አቪኤል በካናቴራ ወጣ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ የሊዶር ስልክ ዝግ ነበር። ወደ መኪናዋ መጥቶ በሩን ያዘ።

«ሮተም፣ በእናትሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«ማይልኝ።»

ማለችለት። አቪኤል ዓይኖቿን ፈለገ፤ ሮተም ግን ወደ እንጨቱ እያየች ስለነበር አላመናትም።

ጎረቤት ወጣ፤ ጎረቤቱ ለዘመድ ደወለ። አምቡላንሱ ሲደርስ ግቢው ውስጥ ለቅሶ ተጀምሮ ነበር። ሊዶር ሞቷል የሚለው ወሬ ከተማውን አዳረሰ፤ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ለሥራ የወጡት ሳይቀሩ ሸማቸውን ደርበው መጡ። በካርሜ ጋት የእውነት የሞቱባቸው ሰዎች ደግሞ ያለ ድንኳን፣ ዝናብ ላይ ቆመው ለቀስተኛ ተቀበሉ። ሊዶር የደወለው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ስልኩን ሲከፍት የራሱ ሐዘን መልእክት ተግተልትሎ ጠበቀው። አያቱ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ድምፁን ሰምተውም ወዲያው አላመኑም፤ ሌላ ሰው ድምፁን አስመስሎ ነው አሉ። ክንዳቸውን ሐኪሞቹ በብረት አሰሩት። በዚህ ዕድሜ እንደ ድሮው እንደማይሆን ተነገራቸው።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሰው ደጅ ላይ የምትጠፋ መኪና ይዞ መቀጠል አይቻልም ተባለ፤ እሑድ የብረታ ብረት ሰብሳቢው መጥቶ ይወስዳታል። ሰጠው አልተከራከረም። ማጣሪያውን በጊዜ አልለወጥኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ሆስፒታል ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እማማ ይመኙሻል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩበት።

ያም ሆኖ መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ አናት አስጎትቶ፣ በየቀኑ ከፋብሪካ ሲመለስ ኮፈኑን ይከፍታል። ማጣሪያውን ፈታ፣ የናፍጣ ቱቦውን ፈታ፣ ፓምፑን ፈታ። በብርዱ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ብረቱ ላይ ደም ይተዉ ነበር። ጥፋቱን አጣው። ሮተም መፍቻ ታቀብለዋለች። ምናልባት አየር ገብቶ ይሆናል ይላታል፤ ምናልባት ይሆናል ትለዋለች።

ትምህርት ቤት ማንም መርዶ ብሎ አይጠራትም። ቪዲዮው ጠፍቷል። ቶም አንድ ቀን ማስቲካ ዘረጋላት፤ ተቀብላው ሳትበላው ጣለችው። አቪኤል ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ይውላል። ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ ጠበቃትና ማንም እንዳይሰማ በአማርኛ አናገራት።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ። «እኛ በር ላይ እንዳትቆሙ አልኩ። በአፌ ጠራሁት።»

ሮተም ከንፈሯ ተላቀቀ። አቪኤል የሚያጽናና ነገር እንድትለው እየጠበቀ ነበር። አውቶቡስ መጣብኝ ብላው ሄደች።

እሑድ ማለዳ ሰጠው ብረት ሰብሳቢው ከመምጣቱ በፊት ሊያሞቃት ወረደ። እየተጎተተች ሳይሆን በራሷ ጎማ ትሂድ አለ። ሮተም ማንቆርቆሪያውን አመጣች። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

ሰጠው ጋቢናው ውስጥ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ። «ይኸው፣ ምንም የላትም» አለ። «ታዲያ ያን ቀን ምን ነካት?»

ሮተም ጋቢናው ላይ ወጥታ መሐሉ ላይ ተቀመጠች። እንጨቱን ሳበችው። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ለምን አጠፋሻት?»

«ያን ቀንም የጠፋችው እንዲህ ነው።»

ሰጠው እንጨቱን አየ። እንጨቱን የያዘውን እጇን አየ።

«ጉልበትሽ ነክቶት ነው?» አላት፤ ድምፁ የለሰለሰ ነበር። አዎ እንድትለው መፈለጉ ገባት። አዎ ብትለው ያምናታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቃትም።

«አይደለም፣ አባ። አውቄ ነው የሳብኩት። አቪኤል እንዲደነግጥ ብዬ።»

ሰጠው መሪውን ለቀቀ። የተሰነጣጠቁ ጣቶቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ።

«ውረጂ» አላት።

ወረደች። ሌላ ነገር ይል እንደሆነ በሩን ይዛ ጠበቀች። ወደ እሷ አልዞረም። ባዶውን ማንቆርቆሪያ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ቁልቁለቱን በእግሯ ተያያዘችው።

እማማ ይመኙሻል ከሆስፒታል የወጡት ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ነው። ሮተም በራቸው ጋ ስትደርስ ጎዳናው ገና ደብዛዛ ነበር፣ መዝጊያዎቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ጣቷን ወደ ደወሉ ዘረጋች። ከዚያ ሰዓቱ ትዝ አላት። በዚህ ሰዓት በዚህ በር የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አሰበች። እጇን ሰበሰበች።

ከመንገዱ ማዶ እርጥብ የግንብ አጥር ላይ ተቀመጠች። ከቁልቁለቱ አናት የመኪናዋ ሞተር እንደገና ሲነሳ ሰማችው፤ ድምፁ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የአባቷን ጃኬት እጅጌ ጣቶቿ ላይ ስባ፣ ፀሐይ ወጥታ የሦስተኛው ፎቅ መዝጊያ በራሱ ጊዜ እስኪከፈት ድረስ ልትጠብቅ ተመቻቸች።